ለአሮጌዋ መርሴዲስ የሞተር ዘይት አመራረጥ፦ «ሃያ ሃምሳ አድርግባት» ከመባሉ በፊት

«ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ ሸምግላለች። ሃያ ሃምሳ እናድርግላት፤ ወፈር ያለ ነው የሚስማማት።»

ይህን ያለኝ መካኒክ ገና ኮፈኑን አልከፈተም ነበር። መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት እ.ኤ.አ. የ1990 መርሴዲስ 300 ኢ ናት። ሰውየው የሞተሩን ድምፅ አልሰማም። የዘይት ግፊቱን አላየም። ስንት ሊትር ዘይት እንደምትበላም አልጠየቀም። ዕድሜዋን ብቻ ጠየቀ፤ እኔም እሺ አልኩ። በማግስቱ ማለዳ ሳስነሳት ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ በኩል «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ። በፊት ሁለትና ሦስት ሰከንድ ይቆይ የነበረው ድምፅ አሁን ግማሽ ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ጠየቅኩ፣ ጥቂት ገንዘብም አባከንኩ። የገባኝ ነገር ግን አጭር ነው። ዘይት የሚመረጠው በመኪናው ዕድሜ ሳይሆን በሞተሩ ሁኔታና በሚሠራበት አየር ነው። ሁለቱም ይለካሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ያለችንን መንከባከብ ግድ ሆኗል። ምሳሌዬ የማውቃት መርሴዲስ ደብሊው 124 ናት፤ የእኔዋ 300 ኢም ከዚሁ ቤተሰብ ናት። አካሄዱ ግን በዚያ ዘመን ለተሠሩ ሌሎች የቅንጦት መኪናዎችም ይሠራል።

1. የትኛው ሞተር እንዳላችሁ አረጋግጡ

ከኋላ የተለጠፈውን ቁጥር አትመኑ። በአሥር ደቂቃ ተነቅሎ ሌላ ይለጠፋል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር እዩ። ለአሜሪካ ገበያ ካልተሠራች በቀር የደብሊው 124 የሻንሲ ቁጥር «ደብሊው ዲ ቢ» ብሎ ይጀምርና 124 ይከተላል። ከዚያ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ሞዴሉን ይናገራሉ። 124030 ከሆነ 300 ኢ ናት፤ 124032 ከሆነ 320 ኢ፤ 124023 ከሆነ 230 ኢ። ሞተሯ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ የሞተሩን ቁጥር ራሱን ማየት ነው።

200 ኢ እና 230 ኢ ባለ አራት ሲሊንደር ኤም 102 ሞተር አላቸው። 260 ኢ እና 300 ኢ ባለ ስድስቱን ኤም 103። በኋላ የመጡት 280 ኢ እና 320 ኢ ደግሞ ባለ 24 ቫልቩን ኤም 104። ይህን ማወቅ ለመጠኑም ይጠቅማል። ኤም 103 ከፊልትሮው ጋር 6 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ኤም 104 ከ7 ሊትር በላይ። «አንድ ጋሎን በቃት» የሚል ካለ ሌላ መኪና እያሰበ ነው።

ከመኪናዋ ጋር የመጣው የባለቤት መጽሐፍ ካለ አውጡት። ውስጡ የውጭ ሙቀትንና የዘይት ዓይነትን የሚያዛምድ ሰንጠረዥ አለ። አንድ ዘይት ብቻ አያዝም፤ እንደ አየሩ ብዙ ይፈቅዳል። የዛሬ ምርጫችንም ከዚያ ሰንጠረዥ ውጭ አይሆንም።

2. የቆርቆሮው ላይ ቁጥር ምን እንደሚል

በዕቃው ላይ ለምሳሌ «20ደብሊው-50» ተብሎ ይጻፋል። በጋራዥ አፍ «ሃያ ሃምሳ» ነው። እኔም ከዚህ በኋላ 20-50 እያልኩ እቀጥላለሁ።

«ደብሊው» የፈረንጅ ክረምት ምልክት ናት። በረዶው ማለቴ ነው እንጂ የሐምሌው ዝናብ አይደለም። ከፊቷ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚደድር ይናገራል። ባለ 5ቱ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ይፈተናል፤ ባለ 10ሩ ከዜሮ በታች በ25፤ ባለ 15ቱ በ20፤ ባለ 20ው በ15። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ያለውን ውፍረት ነው የሚለው። በሴንቲስቶክ ይለካል። 30 የተባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ድረስ ነው። 40 የተባለው ከ12.5 እስከ 16.3። 50 የተባለው ከ16.3 እስከ 21.9።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ 5-40 እና 15-40 ሞተሩ ከጋለ በኋላ የአንድ ክልል ዘይቶች ናቸው። «ባለ አምስቱ ውኃ ነው፣ ሞተር ይበላል» የሚለው ወሬ ከዚህ ላይ ይወድቃል። ባለ አምስቱ የሚቀጥነው በብርድ ነው፤ እኛም የምንፈልገው እዚያው ነው።

ሁለተኛ፣ «እኛ አገር በረዶ ስለሌለ የፊተኛው ቁጥር አያገባንም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። 20-50 አዲስ አበባ ላይ ሞተር ከመነሳት አያግድም። ነገር ግን በ40 ዲግሪ ሲለካ የተለመደ 20-50 ከ160 ሴንቲስቶክ አካባቢ ሲሆን 15-40 ከ110 አካባቢ ነው። በታኅሣሥ ማለዳ 8 ዲግሪ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ያኔ ዘይቱ እንደ ማር ነው የሚፈሰው። በእነዚህ ሞተሮች የቫልቮቹን ክፍተት የሚሞሉት በዘይት ግፊት የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። ዘይት እስኪደርሳቸው ይንኳኳሉ። የእኔ «ቀጭ ቀጭ» ይኸው ነበር።

3. መኪናዋ የት ታድራለች፣ የት ትሠራለች?

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ይበርዳል። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን የሚወስኑት ቴርሞስታቱና ጭነቱ ናቸው። ስለዚህ ለከተማ ሰው 15-40 ወይም 10-40 ይበቃል። ገንዘብ ካለ 5-40።

መንገዳችሁ ወደ አዋሽ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ከሆነ ነገሩ ይለያል። 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ ተሳፋሪ ሞልቶ መንዳት ዘይቱን ያግላል። መኪናዋ ዓመቱን ሙሉ እዚያ የምትኖር ከሆነ 20-50 ሁነኛ ምርጫ ነው፤ ጠዋትም ብርድ የለባትም። በዓመት ሁለቴ ድሬዳዋ ለሚወርድ ግን ዘይት መቀየር አያስፈልግም። ደህና 15-40 ይችለዋል።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች 10-40 ወይም 5-40 አድርጉ። ሚኒሶታ ላይ ደግሞ 5-40 ወይም 0-40 እንጂ 20-50 በጥር የሚታሰብ አይደለም። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ 15-40 ወይም 20-50።

4. ሞተሯን ራሷን ጠይቋት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከሁሉ በላይ የሚነግራችሁ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ግፊቱን እዩ። ደብሊው 124 ዳሽቦርዱ ላይ ከ0 እስከ 3 ባር የሚቆጥር የዘይት ግፊት ጌጅ አላት። ብዙ የዛሬ መኪናዎች ይህ የላቸውም፤ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። መኪናዋን ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንዱና በደንብ ትጋል። ከዚያ አቁማችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ ጌጁን አንብቡ። ፋብሪካው በጋለ ሞተር፣ በቆመበት እስከ 0.3 ድረስ ቢወርድ ችግር የለውም ይላል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጡት ወዲያው መውጣት አለበት። እየነዳችሁ ደግሞ 3 ላይ ተለጥፎ መታየት አለበት።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ከሜክሲኮ ሳር ቤት በሚያህል መንገድ ላይ ጭንቅንቅ ውስጥ ቆሞ ጌጁ 1 ላይ ሲወርድ ነው። አትደንግጡ። 1 ጤነኛ ነው።

ጌጁ ራሱም ይዋሻል። ወደ ጌጁ መረጃ የሚልከው ሴንሰር ያረጃል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲበራ 3 የሚያሳይ ጌጅ ስለ ዘይት ምንም እየነገራችሁ አይደለም። የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ መካኒኩ ሴንሰሩን ፈትቶ በሜካኒካል ጌጅ ይለካላችሁ። ዘይት ከመለወጥ በፊት ይህ ይቅደም። «ግፊት የላትም» የተባለች፣ በኋላ ግን ሴንሰሯ ብቻ ተበላሽቶ የተገኘ መኪና አውቃለሁ። የእኔው ናት።

ግፊት ሲነሳ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ወፍራም ዘይት ጌጁን ከፍ ያደርጋል፤ እውነት ነው። ከፍ ያደረገው ግን ለመፍሰስ ስለሚያስቸግር ነው። ብሮንዚናውን፣ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበትን መቀመጫ፣ የሚያድነው እዚያ የሚደርሰው ዘይት ነው። በብርድ ጊዜ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ፓምፑ ያለው ማስተንፈሻ ይከፈትና ትርፉ ዘይት ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። ቀስቱ 3 ላይ ቆሞ የላይኛው የሞተር ክፍል ዘይት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የምትበላውን ለኩ። ሜዳ ቦታ ላይ አቁማችሁ እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ። ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። 1,000 ኪሎ ሜትር ንዱና እዚያው ቦታ ላይ እንደገና አንብቡ። በመለኪያው ዘንግ ላይ ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት 2 ሊትር ገደማ ነው። ሩቡ ከወረደ ግማሽ ሊትር ማለት ነው፤ ለዚህ ዕድሜ አያስከፋም። ከ1 ሊትር በላይ ከሆነ ግን የዘይት ውፍረት የሚፈታው ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ ጭሱ። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። መቼ እንደሚወጣ ነው ቁም ነገሩ። ጠዋት ስትነሳ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዘይት በቫልቮቹ በኩል እንዳይወርድ የሚያግዱት የቫልቭ ጎማዎች ደርቀዋል። ጭነት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ ፋሻውን፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ጠርጥሩ።

ለዚህ ፈተና ዓባይ በረሃን የሚያህል ቦታ የለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ መኪናዋን በማርሽ ይዛችሁ ነው የምትወርዱት። ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ ሲሽከረከር በአየር ማስገቢያው በኩል ብርቱ ስበት ይፈጠራል። ያ ስበት ባረጀ የቫልቭ ጎማ በኩል ዘይት ይመጥጣል። ድልድዩን አልፋችሁ ወደ ደጀን መውጣት ስትጀምሩና ነዳጅ ስትረግጡ በመስታወት ወደ ኋላ እዩ። ሰማያዊ ደመና ከተከተላችሁ መልሱን አገኛችሁ። በኤም 103 ላይ የቫልቭ ጎማ ቴስታታ ሳይወርድ ይቀየራል። ዋጋው በወፍራም ዘይት ከምታባክኑት ብዙም አይበልጥም።

በመጨረሻ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፋችሁ አሳድሩ። ጠብታው የት እንደሚወድቅ አስተውሉ። የደረቀ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያው እንዳያፈስ የሚገባው) በ20-50 ትንሽ ያዝ ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ግን አዲስ ጓርኒሲዮን ነው።

5. አሁን ምረጡ

ግፊቱ ደህና፣ የምትበላው ትንሽ፣ ሥራዋ ከተማ ከሆነ 15-40 ውሰዱ። እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ጠዋት ጠዋት ድምፅ ካለ ወይም መኪናዋ ውርጭ ያለበት ደጋ የምታድር ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን እንበል፣ 10-40 ወይም 5-40።

ግፊቱ በሜካኒካል ጌጅ ተረጋግጦ ጋል ሲል ከ0.5 በታች እየወረደ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን የሚወጣ ከሆነ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ በሉ፤ ከ15-40 ወደ 20-50። ይህ ዕድሜ ማራዘሚያ እንጂ ጥገና እንዳልሆነ እያወቃችሁ። ነዳጅ ተሰጥቶትም የማይወጣ ከሆነ መኪናዋን አቁሙ። እዚያ ላይ ዘይት አይመረጥም፤ ፓምፕና ብሮንዚና ይፈተሻል።

ለአዳዲስ የጃፓን መኪናዎች የሚሸጡት 0-20 እና 5-20 ለዚህ ሞተር አይሆኑም። 5-30ም አብዛኛው ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠራ ነው። ምክንያቱ አለ። ብሮንዚና ውስጥ ዘይት በ150 ዲግሪ ሙቀት በኃይል ሲጨመቅ የሚቀረው ውፍረት በሌላ ፈተና ይለካል። 30 የተባለ ዘይት 2.9 ካገኘ ያልፋል። 40 የተባለው ቢያንስ 3.5 ያስፈልገዋል። የዚያ ዘመን የጀርመን ሞተር ከ3.5 በላይ ላለው ነው የተሠራው።

«ዘይት ማወፈሪያ» እየተባለ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ተዉት። ሊሸጥ የተዘጋጀ መኪና ድምፅና ጭስ ለመደበቅ ይጠቅም ይሆናል። ችግሩ የገዢው እንጂ የሻጩ አይደለም።

ሲንተቲክ ወይስ ተራ? ሲንተቲክ አሮጌ ጎማ ይበላል የሚባለው የድሮ ስጋት ነው። አሁን የሚሆነው ሌላ ነው። ለዓመታት የተጋገረ ቆሻሻ ሲታጠብ፣ ቆሻሻው ደፍኖት የነበረ ቀዳዳ ይገለጣል። ሲንተቲኩ አላፈሰሰውም፤ አጋለጠው።

6. ዕቃውን አንብባችሁ ግዙ

ኤፒአይ የሚለውን የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም ክብ ምልክት ፈልጉ። ለቤንዚን ሞተር በኤስ የሚጀምሩ ሁለት ፊደሎች ናቸው። ኤስጂ በእነዚህ መኪናዎች ዘመን የነበረ ነው፤ ኤስኤል በ2001፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ. መጡ። ኤስኤል እና ከዚያ በላይ የሆነ 40 ዘይት በቂ ነው። አዳዲሶቹ ዘይቶች ፎስፈረስ ተቀንሶባቸዋል፣ ለአሮጌ ሞተር አይሆኑም ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ገደቡ የተጣለው በዋነኛነት እንደ 5-30 ባሉት ቀጫጭኖች ላይ ነው። ባለ 40ዎቹንና ባለ 50ዎቹን ብዙም አይነካም።

«ኤ3/ቢ4» የሚል የአውሮፓ ምልክት ካለው እጅግ ጥሩ። ያ ምልክት 3.5ቷን ያረጋግጥላችኋል። የመርሴዲስ 229.1 ወይም 229.3 ፈቃድ ካለበትም ጨርሱ፣ ግዙ። ለከባድ መኪና የሚሸጠው 15-40 ደግሞ «ሲአይ-4/ኤስኤል» ተብሎ ሁለቱም ከተጻፈበት ለቤንዚንም ይሆናል። የኤስ ፊደሉ ከሌለ ግን ለናፍጣ ብቻ ነው።

ፎርጅድ ዘይት ብዙ ነው። ከታወቀ ማደያ ወይም ከአስመጪው ወኪል ግዙ። የክዳኑ ማሸጊያ ሳይነካ እዩት። እንዲሁም አንድ ልማድ ያዙ፤ ባዶውን ዕቃ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በሚስማር ውጉት። የእናንተው ጀሪካን ተሞልቶ ተመልሶ እንዳይሸጥላችሁ።

7. መቀየርና መከታተል

ዘይቱ ሞቅ እንዳለ ይውረድ። አሥር ደቂቃ ያህል ይንጠባጠብ። ፊልትሮው አብሮ ይቀየር፤ «ፊልትሮው ደህና ነው» አይባልም። የመፍሰሻው ብሎን የመዳብ ቀለበት ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ስትሞሉ ግማሽ ሊትር አጉድላችሁ ሙሉ፤ ሞተሩን አስነስታችሁ አጥፉ፤ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ለኩና ጨምሩ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ። ያለፈ ዘይት አረፋ ይሆናል።

የቀድሞው ባለቤት ምን እንዳደረገባት ካላወቃችሁ፣ ወይም ክዳኑ ሥር ጥቁር ጭቃ ካያችሁ፣ የመጀመሪያውን በ2,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩት። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ አቧራና ጭንቅንቅ እኔ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየስድስት ወሩ እቀይራለሁ፣ የቀደመው። ዘይቱ በቶሎ ጠቆረ ብላችሁ አትዘኑ፤ ቆሻሻ እየያዘ ነው። በጣት ፈትጎ «ቀጥኗል» የሚልም አትስሙ። 40ንና 50ን በጣት የሚለይ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ኮፈኑ ሥር ወረቀት ለጥፉ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የጋለ ሞተር ግፊት፣ ጠዋት ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ጻፉበት። የእኔ ላይ እንዲህ ይላል፦ «20-50፣ ጋል ስትል 1.4፣ ድምፅ 30 ሰከንድ።» ከሥሩ፦ «15-40፣ ሴንሰር ተቀይሯል፣ ጋል ስትል 1.1፣ ድምፅ 3 ሰከንድ።» ለሚቀጥለው መካኒክ ከመናገር ይህን ማሳየት ይቀላል።